የሾማቸውን ፕሬዚዳንት ስም መጻፍ ብቻ አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

ስለ አሜሪካ ፌዴራል ዳኞች ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ከፖለቲካ ሥልጣን ወደ ችሎት የመጣ ሰው የፓርቲው ዳኛ ሆኖ ይቀራል ይላል። የሉተር ያንግዳል ታሪክ ግን ይህን ድምዳሜ አይደግፍም።

ያንግዳል ሪፐብሊካን ነበሩ። ከ1947 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሚኒሶታን ሲያስተዳድሩ የቁማር ማሽኖችን አሳግደዋል፤ በ1949 ደግሞ አኖካ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ግቢ፣ ሕሙማን ይታሰሩባቸው የነበሩ ጃኬቶችና ጠፍሮች ተከምረው ሳለ በገዛ እጃቸው እሳት ለኩሰውባቸዋል። በ1951 ለዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሾሟቸው ግን ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ትሩማን ናቸው። ታዲያ የማን ዳኛ ልንላቸው ነው?

ዋናው ፈተና የኮሚኒዝም ደጋፊ አይደለሁም ብለው በሐሰት መስክረዋል ተብለው የተከሰሱት ምሁር የኦወን ላቲሞር ጉዳይ ነበር። ጊዜው ኮሚኒስት መባል ብቻውን ሰውን ከሥራና ከክብር የሚያወርድበት ነው። ያንግዳል በ1953 የክሱን ዋና ነጥብ ውድቅ አደረጉ። ዐቃቤ ሕጉ አዲስ ክስ አቅርቦ፣ ያንግዳል አድሏዊ ናቸውና ከችሎት ይነሱ ሲል አመለከተ፤ አልተነሱም። በ1955 አዲሱንም ክስ ዘጉት። በዚያን ጊዜ ከሳሹ የራሳቸው ፓርቲ፣ የአይዘንሃወር መንግሥት መሆኑ ልብ ይባል። የዕድሜ ልክ ሹመትና የማይቀነስ ደመወዝ የተደነገጉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የኢሊኖይ ገዥ የነበሩት ኦቶ ከርነር በዳኝነት ላይ ሳሉ በ1973 በጉቦ ጥፋተኛ መባላቸው አይካድም፤ ያ ግን የገንዘብ እንጂ የፓርቲ ውግንና ጉዳይ አልነበረም።

ስለዚህ የአንድን ፌዴራል ዳኛ ውሳኔ ስትዘግቡ፣ ከሾማቸው ፕሬዚዳንት ስም ቀጥሎ የቀድሞ ሥራቸውን፣ እንዲሁም በራሳቸው ወገን ላይ የወሰኑበት መዝገብ ካለ እሱን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሩ።

ከአንባቢያችሁ አንዱ