ፈቃዱ ደርሶኛል፣ ሥራው ግን የለም

ይድረስ ለዩኒቨርሲቲያችን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። በእንግሊዝኛ አምስት ኢሜይል ጽፌልዎት ነበር። አምስቴም የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «መልእክትዎ ደርሶናል»። ማሽኑ ነው የላከው። ቢሮ ድረስ ሁለት ጊዜ ስመጣ ደግሞ «ኢሜይል አድርግ» ተባልኩ። እንግዲህ ዛሬ በአማርኛ ልሞክር። ባይገባዎትም ከእስካሁኑ የባሰ አይመጣም፤ ቢያንስ የሚገባው ሰው ያነበዋል።

ጁን 19 ከቢሮዎ አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። «እንኳን ደስ አለህ! ሲፒቲህ ጸድቋል» ይላል፣ ቃለ አጋኖዋ ሳትቀር። ሲፒቲ ለማያውቅ አንባቢ፦ ከትምህርታችን ጋር የተያያዘ ሥራ ከግቢ ውጭ እንድንሠራ የሚሰጠን ፈቃድ ነው። የእኔ ሥራ፣ የሰመር ምርምሩ፣ የሚጀምረው ጁን 2 ነበር። ማመልከቻዬን ያስገባሁት ኤፕሪል 14 ነው። ገጻችሁ ላይ «በ10 የሥራ ቀን» ተብሎ ተጽፏል። እኔ 66 ቀን ቆጠርኩ።

ኦፒቲ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ከምረቃ በኋላ የምንሠራበት ፈቃድ፣ ቢሆን አፌን በያዝኩ። እሱ ወደ ኢሚግሬሽን ይሄዳል፣ ይከፈልበታል፣ ካርዱ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሲፒቲ ግን የሚያልቀው እናንተው ጋ ነው። አንድ ሠራተኛ ሴቪስ የሚባለው የመንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ይመዘግባል፣ አዲስ አይ-20 (የተማሪነታችንን ወረቀት) አውጥቶ ይፈርማል፣ አለቀ። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ አውቃለሁ።

ያቺ ቦታ እንዴት እንደተገኘች ግን የሚያውቁ አይመስለኝም። እኛ ኤፍ-1 የሚባለውን የተማሪ ቪዛ የያዝን የሰመር ምርምር ስንፈልግ መጀመሪያ የምናነበው «ማን ማመልከት ይችላል» የምትለዋን መስመር ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚካሄዱት፣ አርኢዩ የሚባሉት የተማሪዎች የምርምር ፕሮግራሞች አበል የሚከፍሉት ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። ገጹን እንዘጋለን። ቀጣዩን እንከፍታለን። እሱም ያው። የሚቀረው ፕሮፌሰሮችን አንድ በአንድ መለመን ነው። ከ40 በላይ ኢሜይል ላክሁ። ሦስት መለሱ። ሁለቱ ገንዘብ የለንም አሉ። አንዷ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ከላቦራቶሪያቸው በጀት እንከፍልሃለን፣ ና አሉኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጁን 2 ጠዋት ፕሮፌሰሯ ደወሉ። «ወረቀቱ ይደርሳል፣ አንተ ዝም ብለህ ጀምር» አሉኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ በሕይወታቸው አይ-20 ይዘው አያውቁም። ያለ ፈቃድ አንድ ቀን ብሠራ ቪዛዬ ጉድ እንደሚፈላበት አስረዳኋቸው። «እሺ፣ እስከዚያ በነጻ ና» አሉ። ሌላው የሚከፈልበትን ሥራ በነጻ መሥራትም ያው ጥሰት እንደሆነ ነገርኳቸው። ከየት አወቅክ ካሉኝ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ኦሬንቴሽን ላይ፣ በቀይ በተጻፈ ስላይድ።

አንድ ሳምንት ጠበቁኝ። ከዚያ ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጡ። አልፈርድባቸውም፤ ሥራው በጠቅላላው 10 ሳምንት ነበር።

በዚህ አላበቃም። ሲፒቲ ከትምህርት ጋር መያያዝ አለበት ስለተባለ የአንድ ክሬዲት የሰመር ኮርስ ተመዝግቤ ከፍያለሁ። ሥራው ሲቀር ኮርሱም ቀረ። ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ የመመለሻው ቀን አልፏል ተባልኩ። በሁለት ቀን! የእናንተ 10 ቀን 66 ሲሆን ምንም አይደለም፤ የእኔ ሁለት ቀን ግን አይታለፍም። በየሴሚስተሩ «የዓለም አቀፍ ተማሪ አገልግሎት» እየተባለ የምንከፍለውም አለ። አገልግሎቱ የትኛው እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ምናልባት ባለፈው ሳምንት የጋበዛችሁን «ኢንተርንሺፕ እንዴት ይገኛል» የሚለው ስልጠና ይሆን?

ሠራተኛ እንደሚያንሳችሁ ገብቶኛል። ፊት ለፊት የምትቀመጠዋ ልጅ ራሷ በሐፍረት ነው የነገረችኝ። እሺ። ግን ወረፋውን ማመልከቻው በገባበት ቀን ሳይሆን ሥራው በሚጀምርበት ቀን ማሰለፍ አዲስ ሠራተኛ አይጠይቅም። አንድ ዓምድ ነው። «ዘግይተናል፣ ለፕሮፌሰሯ ደብዳቤ እንጻፍልህ» ማለትም በጀት አይፈልግም። ክሬዲቱን በተመለከተ ለገንዘብ ክፍሉ ጥፋቱ የእናንተ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ዲሴምበር ላይ እመረቃለሁ። የኦፒቲ ማመልከቻ ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን የእናንተ ድጋፍ ሴቪስ ላይ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ሴፕቴምበር ላይ ስሜ እንደገና ጠረጴዛዎ ላይ ይመጣል። ድጋፉ ከተመዘገበ በኋላ ማመልከቻዬን ለኢሚግሬሽን ለማስገባት ያለኝ 30 ቀን ነው። እኔ ቀኔን አላሳልፍም።

ማን እንደሆንኩ አምስቱ ኢሜይሎች ላይ አለ።