ጽሑፍሽን ለጆሮሽ አሰሚው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለመምህርሽ ከማስረከብሽ በፊት እንዳርምልሽ የላክሽው ባለ 8 ገጽ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አብሮት በመጣው መልእክት አጻጻፍሽን እንዴት እንደምታሻሽዪ ጠይቀሽኛል፤ መጽሐፍ ማንበብ እንደሚሰለችሽም ሳትደብቂ ነግረሽኛል። ለእኔ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ስለሆኑ በአንድነት እመልስልሻለሁ።

የፊደል ግድፈቶቹን በኅዳጉ ላይ አመልክቻለሁ። ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚደረገው ክርክር ገና ያላለቀ በመሆኑ በእሱ አላስጨንቅሽም፤ ሆኖም «ሠረቀ ብርሃን» የሚለውን ስም በንጉሡ ሠ ፋንታ በእሳቱ ሰ ስትጽፊው፣ ብርሃን ወጣ ተብሎ የተሰየመውን ሰው የብርሃን ሌባ እንዳደረግሽው ልብ በይ።

እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። በሦስተኛው ገጽ ላይ «መምህሩ» ብለሽ የጀመርሽው ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን ያገኘው ከስድስት መሥመር በኋላ ነው። በመካከሉ ርእሰ መምህሩ ገብተዋል፣ የወላጆች ኮሚቴ ገብቷል፣ የክፍሎቹ ጥበት ገብቷል፤ በመጨረሻ «ተቃወመ» የሚለው ቃል ሲመጣ ማን ምን እንደተቃወመ ጠፍቶኝ ወደ ኋላ ተመለስሁ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አንባቢ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በእጁ ይዞ መጠበቅ አለበት። ረጅም ዓረፍተ ነገር አትጻፊ አልልሽም፤ እኔም እጽፋለሁ። ነገር ግን አንባቢን ምን ያህል ሸክም አሸክመሽ ምን ያህል መንገድ ልታስኬጂው እንደምትችዪ ማወቅ አለብሽ፤ ይህንንም የሚነግርሽ ጆሮሽ ነው።

ይህን ያወቅሁት በማተሚያ ቤት ነው። እንደምታውቂው ሥራ የጀመርሁት በፊደል ለቃሚነት ነበር። የእርሳስ ፊደላቱን ከየሳጥኑ እያነሣሁ፣ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጠው ስደረድር፣ ስለ ምን እንደሚያወሩ ሳላውቅ ገጽ ሙሉ እጨርስ ነበር። በኋላ ወደ እርማት ክፍል ስዛወር ግን ሥራው በሁለት ሰው ሆነ፤ አንዱ የደራሲውን ረቂቅ ነጠላ ሰረዙና አራት ነጥቡ ሳይቀር እየጠራ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን ናሙና ይከታተላል። ባልደረባዬ አስም የነበረበት ሰው ነበርና ደራሲው ያለ ልክ ያንዛዛው ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆረጥ ነበር። ቀስ በቀስ እርሱ ሲያቆም እኔ የዓረፍተ ነገሩን ስሕተት መፈለግ ጀመርሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም አገኘው ነበር። ከብዙ የሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ የዚያ ሰው ሳል አስተምሮኛል።

ፊደላችንም ቢሆን ከጸሐፊው ጆሮ ይጠይቃል። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ተባዝተው 231 ቢሆኑም የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይተው አያሳዩም። «በጉ ይበላል» ብለሽ ብትጽፊ፣ በጉ ሣር እየጋጠ ይሁን ለወጥ እየተዘጋጀ አንባቢው አያውቅም። ስትናገሪ ድምፅሽ ይለየዋል፤ ስትጽፊ ግን ድምፅሽ አብሮ ስለማይሄድ በዙሪያው ያሉት ቃላት ያንን ሥራ መሥራት አለባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልቆጣሽ። «የውኃ እጥረቱን ከመቅረፍ አንጻር ሥራዎች እየተሠሩ ያሉበት ሁኔታ ነው ያለው» ብለሽ ጽፈሻል። ይህ የአንቺ አነጋገር አይደለም፤ ከስብሰባና ከዜና የተለቀመ ነው። ለእናትሽ በስልክ ስትነግሪያት «ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው» ነበር ያልሽው፤ እርሱን ጻፊው። «ውይይት አካሄድን» ከምትዪም «ተወያየን» በዪ።

ስለ ንባብ የጻፍሽው አላሳዘነኝም፤ እኔም በአንቺ ዕድሜ አንድ መጽሐፍ ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም ነበር። አያትሽ የቤተ ክህነትን የንባብ ትምህርት ከመጀመሪያው ደረጃ ከቁጥር እስከ መጨረሻው እስከ ቁም ንባብ የዘለቁ ሰው ስለነበሩ እንደ እርሳቸው እንዳነብ ይገሥጹኝ ነበር፤ ተግሣጹ ግን ከመጽሐፍ አራቀኝ እንጂ አላቀረበኝም። የለወጠኝ የጎረቤታችን ሬዲዮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰፈሩ በሙሉ በዚያች ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር፤ ሰዓቱ አልቆ ትረካው ሲቋረጥ ሳምንት መጠበቅ አቅቶኝ መጽሐፉን በሳንቲም ተከራየሁ። ሳነበው የወጋየሁ ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚፈጥን አውቅ ስለነበር ገጹ አላደከመኝም። ቀጥዬ የሌላ ደራሲ መጽሐፍ ስይዝ ያ ድምፅ አልገጠመልኝም፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ትንፋሽ እንዳለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ተቀምጬ ጋዜጣ እስከ መከራየት ደረስሁ፤ ምሳዬን የከፈልሁበትም ቀን ነበር፤ ይህን ለእናትሽ አትንገሪያት።

ስለዚህ በቀን ይህን ያህል ገጽ አንብቢ ብዬ ግዴታ አልጥልብሽም። የያዝሽው መጽሐፍ ሃያ ገጽ ድረስ ካልሳበሽ ያለ ጸጸት አስቀምጪው፤ ሌላ ያዢ። የሚጥምሽን አንቀጽ ስታገኚ ግን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢውና በእጅሽ ገልብጪው። መገልበጥ የሕፃን ሥራ መስሎ አይታይሽ፤ ዓይንሽ ያለፈውን ነጠላ ሰረዝ እጅሽ ሊያልፈው አይችልም። የራስሽንም ጽሑፍ ከማስረከብሽ በፊት ለክፍል ጓደኛሽ ስጪያትና እርሷ ታንብብልሽ፤ አንቺ ብዕር ይዘሽ አድምጪ። የተደናቀፈችበትን ሁሉ አስምሪበት፤ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ብለሽ ግን አታስረጃት።

እናትሽ ሽሮና በሶ በአውቶቡስ ልካልሻለች። ከበሶው በታች በጋዜጣ የተጠቀለለ የእኔ መጽሐፍ ታገኛለሽ፤ ጀርባው ስለተላቀቀ በጥንቃቄ ግለጪው። እሑድ ማታ ስትደውዪ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ታነቢልናለሽ፤ እናትሽም አጠገቤ ትሆናለች። ጽሑፍሽን መልሼልሻለሁ፤ ሦስተኛውን ገጽ ግን አላረምሁትም።

አባትሽ