ስማችሁ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጡ

የተከበራችሁ በቨርጂኒያ የምትኖሩ አባሎቻችን፣

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናታችን ፍሪጅ ላይ ሳይከፍቱት ያቆዩትን ፖስታ ይዘው መጡ። ዜግነታቸውን በ14 ቀን ውስጥ ካላረጋገጡ ስማቸው ከመራጮች መዝገብ እንደሚሰረዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ቀኑ አልፏል። እኚህ እናት ቃለ መሐላ ፈጽመው ዜጋ ከሆኑ ዓመታት ተቆጥረዋል!

ብዙዎቻችን መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ ያወጣነው በግሪን ካርድ ነው። ያኔ «ዜጋ አይደለሁም» ብለን የሞላነው ቅጽ፣ ወይም በኋላ በችኮላ ባዶ የተውነው ሳጥን ከመራጮች መዝገብ ጋር ሲመሳከር ጣጣ ያመጣል። በ2024 ምርጫ ዋዜማ በዚህ መንገድ ከ1,600 በላይ ስሞች ተሰርዘዋል። የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ ከምርጫ በፊት ባሉት 90 ቀናት የጅምላ ስረዛን ስለሚከለክል የሥር ፍርድ ቤት ስሞቹ እንዲመለሱ አዝዞ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ኦክቶበር 30 ቀን ትእዛዙን አገደው። ምርጫው ስድስት ቀን ሲቀረው! እኔ ይህን ፍትሐዊ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

በስቴቱ የምርጫ ድረ ገጽ ስማችሁን ፈልጉ። የዜግነት ሰርተፊኬታችሁን ቅጂ አዘጋጁ። ስማችሁ ቢሰረዝም በምርጫው ዕለት ተመዝግባችሁ በጊዜያዊ የድምፅ መስጫ ወረቀት (የመምረጥ መብታችሁ ከተጣራ በኋላ በሚቆጠር ወረቀት) መምረጥ ትችላላችሁ። ዜግነት ገና ያላገኛችሁ ግን ማንም ቢገፋፋችሁ አትመዝገቡ፤ ወንጀል ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁንም ሊያሳጣችሁ ይችላል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሻችን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።