የመጋቢት አቦ ሌሊት

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጆሮህስ? ስልክ ላይ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያልክ ስትደክም አንጀቴን ስለበላኸው መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ወንድሜ በትልልቅ ፊደል አትሞ ይሰጥሃል። ለማዳመጫው ሁለት ፓኬት ባትሪ በሰው ልኬያለሁ። ማታ ስታወልቀው የባትሪውን ክዳን ክፍት አድርገህ አስቀምጠው፤ አለዚያ ቶሎ ያልቃል። የደም ግፊት ኪኒንህን ደግሞ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልክ እንደምትዘለው ሰምቻለሁ። እባክህ ተው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ዘንድሮ ኮሌጅ ይገባል። ትንሿ ጊታር ጀምራለች፤ ጣቷ ቆስሎ እንኳ አትተወውም። «አያቴ የሚወደው ሰውዬ ክሩን በምንድነው እንደዚያ የሚያስለቅሰው?» ብትለኝ፣ የኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጊታሪስቱ ዱዌን ኦልማን የጉንፋን መድኃኒት ብልቃጥ ጣቱ ላይ አጥልቆ ክሩ ላይ እያንሸራተተ ነው አልኳት። ያንን የነገርከኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

ባለፈው ወር ባንዱ ይኖርበት ወደነበረው ከተማ፣ ወደ ሜከን፣ ይዣት ሄድኩ። ከአትላንታ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ ሄጄ አላውቅም ነበር። የቡድኑ አባላት አብረው ይኖሩበት የነበረው ትልቁ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ከዚያ ሮዝ ሂል መቃብር ወረድን። ዱዌንና የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ቤሪ ኦክሊ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም በ24 ዓመታቸው፣ በአንድ ዓመት ልዩነት፣ እዚያው ከተማ በሞተር ሳይክል አደጋ ነው የሞቱት። በፈረንጆቹ 2017 የሞተው የዱዌን ወንድም ግሬግም እዚያው ነው። ያ ቃል የሌለው፣ ዓይንህን ጨፍነህ የምትሰማው «ኤሊዛቤት ሪድ» ስሙን ያገኘው ከዚያው ከአንዲት ሴት መቃብር ድንጋይ ላይ ነው። ፎቶ አንስቼልሃለሁ። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ትንሿ ለሟቾቹ መስሏት አቀፈችኝ።

ኅዳር ላይ ለትምህርት ቤቷ የቤተሰብ ታሪክ ስትጽፍ «ትክክለኛው ልደትሽ መቼ ነው?» አለችኝ። ወረቀቴ ላይ መጋቢት 5 ሳይቆጠር «ማርች 5» ተብሎ እንደገባ ታውቃለህ። ቁጭ ብላ ቆጠረችው። መጋቢት 5 ቀን 1963፣ እሑድ፣ ማርች 14 ቀን 1971 ሆኖ ወጣ።

አባዬ፣ አንተ ያሳደግከን «ማርች 12 እና 13፣ 1971፣ ፊልሞር ኢስት» እያልክ ነው፤ ለትምህርት ሄደህ ሳለ ኒውዮርክ ውስጥ ባንዱ ሲጫወት ያየህበትን ቀንና አዳራሽ። የእኔን ቀን ደግሞ እቤት «መጋቢት አቦ» እንጂ በፈረንጅ የጠራው የለም። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ አይቼ አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ሌሊት ቦምብ አለ ተብሎ ዘግይቶ መጀመሩን፣ ስትወጡ መንጋቱን፣ ሁለተኛው አቬኑ ላይ ቆመህ ማልቀስህን ስንት ጊዜ ነግረኸናል። ኒውዮርክ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አድራ እኔን የተገላገለችው በዚያ ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት ጊዜ እልል ተባለ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ገንፎው ቅቤ አልነካውም።

የተቀየምኩት አጠገቧ ስላልነበርክ አይደለም። ትምህርትህን ጥለህ ና የሚልህ አልነበረም። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነኝ የዚያን ኮንሰርት ሸክላ ብብትህ ውስጥ ይዘህ ስትመጣ ፈርቼህ ከእማዬ ቀሚስ ስር መደበቄንም የልጅነት ነገር ብዬ ትቼዋለሁ። የከበደኝ እንግዳ በመጣ ቁጥር «በሕይወቴ ከዚያች ሌሊት የሚበልጥ ደስታ አላየሁም» ማለትህ ነው። ይህን ስትል እማዬ ብድግ ብላ ጓዳ ትገባ ነበር። ቡናውን ልታይ ነበር የሚመስለኝ። እሷ ቀኑን ቆጥራው ነበር፣ አባዬ። አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ለእኔ ያደረግከውን አልረሳሁም፤ እዚህ የደረስኩት በአንተ ነው።

ግሬግ በፈረንጆቹ 2012 ያወጣውን ግለ ታሪክ ከገና በኋላ አነበብኩት። ከወንድሙ ኮኬይን ይሰርቃል። ዱዌን ደውሎ ሲጠይቀው «አልወሰድኩም» ብሎ ይክዳል። ዱዌንም ጠርጥሬህ ነው ብሎ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ ዱዌን ሞተ። «ለወንድሜ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ውሸት ነው፣ በየቀኑ አስበዋለሁ» ይላል ግሬግ። እዚያች ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ለገና «ፈቃድ ከለከሉኝ» ያልኩህ ውሸት ነው። ፈቃድ ነበረኝ። ዓይንህን ማየት ስላቃተኝ ነው የቀረሁት። አንተ ደግሞ «አይዞሽ ልጄ፣ ሥራሽን አክብሪ» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ በቅጡ አልተደማመጥንም፤ ጆሮህ እንዳለ ያ ቃል ላይ ቆሞ እንዳይቀር ፈራሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ቲኬት ቆርጫለሁ። ሸክላውን ለማንም አታውስ፤ መርፌው ካረጀም አንተ አትንካው፣ አዲስ ይዤ እመጣለሁ። አራተኛውን ገጽ፣ ያን 23 ደቂቃ የሚፈጀውን፣ አብረን እንሰማዋለን። ሊጀምሩ ሲሉ የዘፈኑን ስም የሚጮኸው ሰውዬ ከኋላህ ነበር ወይስ ከጎንህ? አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ትላለህ። ድምፁ ካልተሰማህ፣ ሲጮህ እጅህን እጨብጥሃለሁ።

አንድ ነገር ግን አስበህ ቆየኝ። የመወለዴ ቴሌግራም መቼ ነው የደረሰህ? ወደዚያ አዳራሽ ስትገባ እማዬ በዚያ ሰሞን እንደምትወልድ ታውቅ ነበር? ብታውቅም ንገረኝ። ብትረሳውም ረሳሁት በለኝ። በዚህ መጋቢት አቦ 55 ዓመት ይሞላኛል፤ መስማት እችላለሁ።

ባትሪውን የያዘው ሰው ቅዳሜ ይደውላል። ስልኩን ወንድሜ ያንሳው።

ልጅህ
አትላንታ፣ የካቲት 2018