ስለ ረጃጅሞቹ አልበሞች ለወዳጄ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን። ስልክ እያለ ወረቀት ያነሳሁት ያ የጀመርነው ክርክር ሳይቋጭ ስለቀረና በአጭር መልእክትም የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። «ፕሮግረሲቭ ሮክ ይረዝማል፣ መሃሉ ላይ ይጠፋብኛል፣ የቀረው የጣት ቅልጥፍና ማሳያ ነው» ብለኸኝ ነበር፤ ያን ረጃጅምና ምቱ የሚቀያየር የሮክ ዓይነት ማለትህ ነው። መልሴ ይኸው።

ርዝመት ብቻውን ምንም አይደለም፤ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። 20 ደቂቃ የሚወስድብኝ ዘፈን በመጀመሪያ ያስያዘኝን ዜማ በመጨረሻ በሌላ ክብደት ሊመልስልኝ ይገባል። እነዚህን አልበሞች የምመዝነው በዚህ ነው። በዚህ ሚዛን ከማውቃቸው ሁሉ የሚደፋው «ስታርለስ» ነው፤ ኪንግ ክሪምሰን የተባለው ባንድ የ1974ቱ አልበም «ሬድ» የሚዘጋበት ዘፈን።

ስታርለስ 12 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። ሜሎትሮኑ (በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ኪቦርድ) እና ጊታሩ አንድ ዝግ ያለ ዜማ ያስይዙሃል፣ ጆን ዌተን ይዘፍናል። ከ4 ደቂቃ በኋላ ዘፈኑ ይቆምና ቤዙ በ13 ምት የሚሽከረከር ሐረግ ይጀምራል። ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ በላዩ ላይ አንዲት ኖታ ይዞ ይደጋግማታል፤ ቆይቶ ቆይቶ ወደ ላይ ይገፋታል። ቢል ብሩፎርድ ደግሞ ከኮሽታ ተነስቶ ከበሮውን እያከበደ ይመጣል። ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ጆሮው 4፣ 4 እያለ ይጠብቃል፣ ምቱ ግን በየዙሩ አንድ ይተርፈዋል። 13ቱን 4፣ 4፣ 5 አድርገህ ቁጠረው። ሦስት አራት ዙር ከያዝከው በኋላ መቁጠሩን ተወው፤ ሰውነትህ ያውቀዋል። ከዚያ ሙዚቃው በድንገት ይፈጥናል፣ ሳክስፎን ይገባል፣ በመጨረሻም ያ የመግቢያው ለስላሳ ዜማ መላው ባንድ ተሸክሞት ይመለሳል። መሃሉን ዘለህ መጨረሻውን ብቻ ስማው፤ ደህና ዜማ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። መሃሉን ታግሠህ ስትደርስበት ግን ደረትህን ይይዝሃል። ርዝመቱ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ብሩፎርድ ወደ ክሪምሰን የሄደው የስ ከተባለው ባንድ ጋር በ1972 «ክሎዝ ቱ ዚ ኤጅ»ን ሠርቶ እንደጨረሰ ነው። ያ አልበም 38 ደቂቃ የማይሞላ ሲሆን ሦስት ዘፈን ብቻ አለው፤ የመጀመሪያው ብቻውን 18 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ይሄዳል። በወፎችና በውኃ ድምፅ ተጀምሮ ጊታሩና ቤዙ የሚጋጩ እስኪመስል ይጯጯኻሉ። እዚህ ላይ ተስፋ እንዳትቆርጥ። አዝማቹን ያዝ፤ በተለያየ ፍጥነትና ልብስ ተመልሶ ይመጣል። መሃል ላይ ሁሉም ይረጋና ሪክ ዌክማን የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታል። ኦርጋኑ በኪቦርድ የተመሰለ አይደለም፤ ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ጊልስ ክሪፕልጌት ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ ነው። ከእሱ ወጥቶ አዝማቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለስ «ስታርለስ» ላይ ያየኸው ነገር ነው፤ እዚህ ግን በደስታ።

ጀነሲስ የተባለው ባንድ «ሰፐርስ ሬዲ»ም (1972፣ «ፎክስትሮት» አልበም ላይ) 23 ደቂቃ ያህል ሄዶ የመነሻውን ዜማ ይዞ ይገባል። እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

እነዚህ ዘፈኖች ለምን 20 ደቂቃ አካባቢ እንደሚቆሙ አስበህ ታውቃለህ? ሸክላው ነው። አንድ ፊቱ ከ22 ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ መስመሮቹ መጠጋጋት አለባቸው፤ ሲጠጋጉ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቤዙም ይሳሳል። ስለዚህ ሙዚቀኛው ትርፉን ለመቁረጥ ይገደድ ነበር። ሲዲ 74 ደቂቃና ከዚያም በላይ ሲፈቅድ ያ ገደብ ተነሣ፤ በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ የፕሮግ ሜታል (ፕሮግረሲቭ ሮክ ከሄቪ ሜታል ጋር የተቀላቀለበት) አልበሞች የሚያደክሙት በዚህ ይመስለኛል። ቅሬታህ ከእነዚህ ከሆነ እውነት አለህ። ነገር ግን የድሪም ቲያትር ባንድ «ሲንስ ፍሮም ኤ ሜሞሪ» (1999) 77 ደቂቃ ሆኖ እንኳ አያደክምም፤ በ1992ቱ «ኢሜጅስ ኤንድ ዎርድስ» ላይ የነበረውን የ«ሜትሮፖሊስ» ዜማና ግጥም እያነሣ አንድ ታሪክ ላይ ይሰፋዋል። መጀመሪያ «ሜትሮፖሊስ»ን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትሰማ ወደ እሱ አትግባ፤ ግማሹ ያመልጥሃል። «ዘ ዳንስ ኦቭ ኢተርኒቲ» የተባለው ክፍል ላይ ግን ከ100 ጊዜ በላይ ምት ይቀያየራል፤ የጣት ቅልጥፍና ያልከው ይህን ከሆነ አልከራከርህም።

ስለ ቁጥር ካነሣን፣ በ6/8 ችክችካ ያደገ ጆሮ 2 እና 3 ሲጋጩ አይደነግጥም፤ አንተን የቸገረህ የመቁጠር ልምድ ብቻ ነው። ለልምምድ የካናዳዎቹ ረሽ «ዋይ ዋይ ዜድ» ይበቃል፤ «ሙቪንግ ፒክቸርስ» (1981) ላይ ያለ፣ ድምፃዊ የሌለበት፣ 4 ደቂቃ ተኩል የማይሞላ። ስሙ የቶሮንቶ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው፤ የመግቢያው ምትም እነዚያ ፊደላት በሞርስ (በቴሌግራፍ ምልክት) ሲላኩ የሚሰጡት ነው። ረጅሙን ምልክት 2፣ አጭሩን 1 በለው። ዋይ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም ነው፤ 7። ሁለተኛው ዋይ ሌላ 7። ዜድ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር፣ አጭር ነው፤ 6። ድምሩ 20 አሥራ ስድስተኛ ኖታ (እያንዳንዱ የአንድ ምት ሩብ)፣ ማለትም 5/4፣ በዙሩ 5 ምት። ጠረጴዛ ላይ በጣትህ ከመታኸው በኋላ ዘፈኑን ክፈት።

የቱል ባንድ «ላተራለስ» (2001) ላይም ሰው ስለ ቁጥሩ ብቻ ያወራል። በርእሱ ዘፈን የግጥሙ ክፍለ ቃላት 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያሉ አድገው 5፣ 3 እያሉ ይወርዳሉ፤ ሲያድግ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት ሁለቱ ድምር የሚሆንበት የፊቦናቺ ቅደም ተከተል ነው። አዝማቹ በ9/8፣ በ8/8፣ በ7/8 ይሄዳል። እኔን የሚይዘኝ ግን ሒሳቡን የማያውቅ ሰው የሚሰማው ነው፤ በየባሩ (በየምቱ ዙር) አንድ ምት ሲጎድል ሙዚቃው ወደ ፊት ይገፋሃል። አልበሙ 79 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የመጨረሻውን የጩኸት ቅንጥብ ብታስቀረው አይጎድልብህም።

የስዊድኖቹ ባንድ መሹጋ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ጊታሩን ከቆጠርክ ትጠፋለህ። ከበሮ መቺው ቶማስ ሃኬ በእጁ 4/4ን ይጠብቃል፣ እግሩ ግን ከጊታሩ ጋር ሌላ ርዝመት ያለውን ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ ሐረግ) ይከተላል። 8 ባር 128 አሥራ ስድስተኛ ነው እንበል፤ ሪፉ 17 ቢሆን 7 ጊዜ ሄዶ 119 ይሞላል፣ የቀረው 9 ላይ ይቆረጥና ሁሉም እንደገና ከአንድ ይነሣል። ስለዚህ ሲምባሉንና ስኔሩን (ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ከበሮ) ያዝ፣ ጊታሩ በላያቸው ይሂድ። «ኦብዜን»ን (2008) እንዲህ ስማው።

የሜታል ድምፃውያን ጩኸት ከከበደህ ወደ ኦፔዝ ባንድ በ«ዳምኔሽን» (2003) ግባ፤ አንድም ጩኸት የለውም፣ ሀዘኑ ግን ያው ነው። ጆሮህ የባንዱን ድምፃዊ የሚካኤል ኦከርፌልትን የዜማ አካሄድ ከለመደ በኋላ «ብላክዋተር ፓርክ»ን (2001) ስትከፍት ጩኸቱን ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ትሰማዋለህ። ሁለቱንም አብሯቸው ያዘጋጀው ስቲቨን ዊልሰን ነው፤ ኋላ የክሪምሰንንና የየስን አልበሞች ከዋናው ቴፕ እንደገና የቀላቀለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስልክህ ላይ ዘፈኖቹን ያለ ተራቸው የሚያጫውተውንና ዘፈን ከዘፈን የሚያደባልቀውን ምርጫ አጥፋ። ድምፅ የሚያስተካክለውን በዘፈን ሳይሆን በአልበም አድርገው፤ አለዚያ ጸጥ ሊል የታሰበውን ዘፈን ከጎረቤቱ እኩል ያስጮኸዋል። የኤም ፒ 3 ፋይል መነሻና መድረሻው ላይ ትንሽ ባዶ ድምፅ ይጨምራል፤ ማጫወቻው ካላስወገደው እንደ ፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» (1973) ያለ የተያያዘ አልበም በየመጋጠሚያው ይቆረጣል። ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ የሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ይህ የለበትም። ቅጂ ስትመርጥም በ«ስታርለስ» ፈትነው፦ መሃሉ ሲጀምር እንዲመችህ አድርገህ ክፈተው፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን ለመቀነስ እጅህ ካልተነሣ ያ ቅጂ ታፍኗል (ዝቅታውና ከፍታው ተቀራርቧል)፤ ሌላ ፈልግ።

«ሬድ»ን ስትጨርስ ጻፍልኝ፤ በተለይ ስለ «ፕሮቪደንስ»። አሜሪካ ውስጥ በዚያው ስም በምትጠራው ከተማ መድረክ ላይ የተቀዳ፣ ቀድሞ ያልተዘጋጀ 8 ደቂቃ ነው። ብዙ አድናቂ አልበሙን ያደክመዋል ይላል። እኔ ከ«ስታርለስ» በፊት ያ መያዣ የሌለው ድምፅ ቦታው ነው ባይ ነኝ። አንድ ጊዜ ዘለኸው፣ አንድ ጊዜ ሳትዘለው ሰምተህ ፍርድህን ላክልኝ።

ለቤተሰብ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ