ደብዳቤ ለልጄ፦ ባትሪውን ሰክተሽ እንዳትተኚ

የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽ? ድሬ ሙቀቱ ብሷል፣ ሌላው ደህና ነው። የአባትሽን በሪሞት የምትነዳ መጫወቻ መኪና ካርቶኑን ከፍተሽ መገጣጠም ጀምረሻል አሉ። ወንድምሽ ሲነግረኝ ደስታም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ቀጥሎ ያለው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ማታ ባትሪውን አልጋሽ ሥር ሰክተሽ ትተኛለሽ? አቦ ምን ነካሽ! ባትሪውን ሰክተሽ እንዳትተኚ።

የድሮው ባትሪ ኒኬል ካድሚየም ነበር፣ 7.2 ቮልት። ያንቺው ሊቲየም ፖሊመር ነው አለኝ ወንድምሽ። ታይዋን ገበያ ሞባይል ሲጠግን ስንት ያበጠ ባትሪ እንዳየ ታውቂያለሽ፣ እሱን ስሚው። በአባትሽ ቻርጀር እንዳትሞክሪው። ባለ ሁለት ሴሉ 8.4 ቮልት ሲሞላ የሚያቆም የራሱ ቻርጀር አለው። ካበጠ ወይም ከተወጋ ሊቃጠል ይችላል። ቀን ቀን፣ አጠገቡ ሆነሽ፣ ሴራሚክ ላይ አስቀምጠሽ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ አርቀሽ ሙዪው። ደግሞ የድሮው ፍጥነት መቆጣጠሪያ ባትሪው ሲደክም በራሱ አያቆምም፤ መኪናዋ መንቀርፈፍ ስትጀምር ቶሎ ንቀዪው።

አባትሽ ከጅቡቲ በባቡር ይዟት የመጣ ቀን ትዝ ይለኛል፣ ካርቶኗን ከጭኑ አላወረዳትም። ታሚያ ግራስሆፐር፣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጧት። ብትንትኗ ነው የመጣችው። ቀን ምድር ባቡር ጋራዥ ሲፈታና ሲገጥም የዋለ ሰው፣ ማታ ደግሞ እሷን ሲገጥም ያመሻል፤ እኔ ብሎኑን በቡና ስኒ እየለየሁ አቀብለዋለሁ። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ለቀቃትና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተከትሏት ሮጠ። 380 የምትባለው ትንሿ ሞተር አሸዋው ሲጠልቅ ትደክማለች፣ እሱ ግን ሌላ አልቀይርም አለ። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ደቻቱ ወርዶ አያውቅም። «ሰው ያለቀበት ቦታ ላይ አልጫወትም» አለኝ፣ አከበርኩለት። ኋላ ላይ ለአንቺ ሊሰጥሽ ብሎ፣ ከካምቢዮዋ አሸዋውን ሊያወጣ ፈታታት። ከዚያ ታመመ። አንቺ ስትነጃት ሳያይ መሄዱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ልጄ።

እሱ የሚያደርገውን ልንገርሽ። ብሎኑ የጃፓን ነው፣ ተራ ካቻቪቴ ራሱን ይበላዋል፤ ልኩን ፈልጊ። ፕላስቲክ ውስጥ ስታስገቢ መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ የድሮው ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ ሲቀመጥ ይሰማሻል፣ ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቂ። ካልሆነ አዲስ ጥርስ ያወጣና ቀዳዳው ይበላሻል። በአሴቶን እንዳታጥቢያት፣ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። የልብስ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የካምቢዮውን ጥርሶች ስስ ግሪስ ቀቢያቸው። የሞተሯን ኮረንቲ የምትቀንሰው ነጯ ሬዚስተር በጣም ትግላለች፣ ሽቦ እንዳይነካት።

ሥራ አርፍደሽ ትገቢያለሽም ተብሏል። ይሄ ሌሊት ማደር ይቅር፣ ቅዳሜ አለልሽ። እራትሽንም ብዪ። ባትሪውን ሰክተሽ እንዳትተኚ ብዬሻለሁ፣ ማሪያምን!

የመኪናዋ ሁለቱ የፊት ሞላዎች የኒዶ ጣሳ ውስጥ ተገኝተዋል። ነገ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እልካቸዋለሁ፣ ሐልዋም አለበት፣ ለየብቻ አስሬዋለሁ። መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ፣ የሹፌሩን ስልክ ወንድምሽ ይልክልሻል።

እናትሽ