ዘንዶውን አምኛለሁ፣ ድልድዩን ግን አላምንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየሳምንቱ የምታወጡትን የምናብ ዓለም ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እከታተላለሁ። ያስለመደችኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷ ታነባለች፣ እኔ አዳምጣለሁ። እሳት የሚተፋውን ዘንዶ አምኛለሁ። የሚናገረውንም ዛፍ እንዲሁ። ያለፈው ሳምንት ድልድይ ግን አልዋጥ አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታሪኩ ላይ ጀግናው ከጥንታዊው ድልድይ አናት አንዲት ድንጋይ በእጁ መዝዞ ያወጣል። ድልድዩም የጠላት ጦር እንደተሸከመ ገደል ይገባል። "ቆይ፣ ቆይ፣ እስቲ መልሰሽ አንብቢው" አልኳት።

እንዲህ ያለው ድልድይ የሚሠራው በቅስት ነው፤ እንደ ቀስተ ደመና በጎበጠ የድንጋይ ግንብ ማለት ነው። የቅስት ድንጋዮች እንደ ሽብልቅ ናቸው፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላሉ። እያንዳንዱ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ጎረቤቱም መልሶ ይገፋዋል። ድልድዩን አንቆ የያዘው የራሱ ክብደት ነው። የመሃሏ ድንጋይ ከሌሎቹ የተለየ ጉልበት የላትም፤ መጨረሻ ላይ ስለምትገባ ነው ስሟ የገነነው። እሷን በእጅ መምዘዝ? እኔ በዲጂኖም አልሞክረውም።

ደግሞ ጠንቋዮች በአንድ ሌሊት ሠሩት ይላል። ይሁን። ግን ቅስቱ እስኪገጥም ድንጋዩን ምን ተሸከመው? ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚጠራው አናጺ ነው። የቅስቱን ቅርጽ የያዘ የእንጨት ድጋፍ ያቆማል። ድንጋዩ በዚያ ላይ ከሁለቱም ጫፍ እኩል እየተደረደረ መጥቶ መሃል ላይ ይገናኛል። ከዚያ እንጨቱ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ያን ሰዓት ማንም አያወራም። ቅስቱ ትንሽ ዝቅ ይልና ቀጥ ብሎ ይቆማል። (አንዳንዴም አይቆምም፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።)

የድንጋይ ድልድይ ክፉ ጠላት የሚመጣው ከሥር ነው። ውኃ! ጎርፍ ከምሰሶው ሥር አፈሩን ቦርቡሮ ይወስዳል፤ ላይ የሚሄደው ሰው ምንም አያይም። ቻይና ውስጥ ሊ ቹን የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ605 ገደማ የጨረሰው የዣውጆ ድልድይ 37 ሜትር ያህል በአንድ ቅስት ይሻገራል። ውኃው መሃል ምሰሶ የለውም። በትከሻዎቹ ላይ አራት ትንንሽ ቅስቶች ተከፍተውለታል። ክብደቱ ቀለለ፣ ጎርፍ ሲሞላም በዚያ ያልፋል። ይኸው እስከ ዛሬ አለ፣ ያለ ምንም አስማት።

ደራሲው ከፈቀዱ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ጀግናው ድንጋይ ከሚመዝ ወንዙን ያስቆጣው። ጎርፉ ሦስት ክረምት ምሰሶውን ሲቦረቡር ይክረም፣ ጠላት በአራተኛው ይሻገር። ለእኔ የሚያስፈራው ይኼ ነው። የልጅ ልጄ ግን "በጣም ይንዛዛል" ብላኛለች።

በሚቀጥለው ክፍል ንጉሡ ድልድዩን መልሶ ያሠራል ተብሏል። እባካችሁ አንድ አናጺ ጨምሩበት። ስም ባይሰጡትም ግድ የለም።

ጡረታ የወጣ ግንበኛ